ለሰማይ አድማጮች የተከለለ ሞገድ፤ የ1420 ሜጋኸርዝ ጥበቃ ታሪክ ባጭሩ

በዓለም አቀፉ የራዲዮ ደንብ ውስጥ አንድ የግርጌ ማስታወሻ አለ። ማስታወሻው በተዘረዘሩት የሞገድ ክልሎች ውስጥ ማናቸውም ዓይነት ሥርጭት የተከለከለ መሆኑን ይናገራል፤ ከተዘረዘሩትም መካከል ዝናው የበለጠው ከ1400 እስከ 1427 ሜጋኸርዝ ያለው ነው። (ሜጋኸርዝ ማለት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ጊዜ መርገብገብ ሲሆን ቀድሞ ሜጋሳይክል ይባል ነበር።) በዚህ ክልል ውስጥ ዜና የሚያሰማ ማሰራጫ፥ መርከብ የሚጠራ ራዲዮ፥ አውሮፕላን የሚከታተል ራዳር እንዲሠራ አይፈቀድም። ቦታው የተተወው ምንም ሳይልኩ ለሚያዳምጡ ብቻ ነው።

የሞገድ ክልል ዛሬ እንደ ከተማ ቦታ በጨረታ የሚሸጥ ሀብት ሆኗል። መንግሥታትም፥ ኩባንያዎችም፥ ጦር ሠራዊትም ይሻሙበታል። እንዲህ ባለው ሽሚያ መካከል ሃያ ሰባት ሜጋኸርዝ ሙሉ ለከዋክብት ተመራማሪዎች እንዴት ሊለቀቅ ቻለ? ከተለቀቀስ በኋላ የተፈለገው ዝምታ በእርግጥ ተገኝቷልን? ይህ ጽሑፍ የሚከተለው እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ነው። የመጀመሪያው መልስ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ የሁለተኛው ግን እንደዚያ አይደለም። በበኩሌ የታሪኩን ፍሬ የማየው በዚሁ በሁለተኛው ላይ ነው። ወሰኑ በወረቀት ላይ ከተሠመረ ከስድሳ ዓመት በላይ ቢሆነውም፥ በጎረቤት የሚደረገው ነገር ወሰኑን ሲሻገር ኖሯል፤ ከሰማይ የሚመጣውም ሞገድ ራሱ በወሰኑ ውስጥ ብቻ ተወስኖ አይገኝም። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

የራዲዮ ሥነ ፈለክ የተወለደው ረብሻን ለማስወገድ ከተደረገ ሙከራ ነው። የአሜሪካው ቤል የስልክ ኩባንያ አትላንቲክን ተሻግሮ የሚያነጋግር የራዲዮ ስልክ ነበረውና፥ ንግግሩን የሚያውከው ጩኸት ከወዴት እንደሚመጣ እንዲያጠና ካርል ጃንስኪ የተባለውን ወጣት መሐንዲስ አዘዘ። ጃንስኪ በኒው ጀርሲ ግዛት ሆልምደል በሚባል ቦታ በመንኰራኵር ላይ የሚዞር ትልቅ አንቴና ሠርቶ በ20.5 ሜጋኸርዝ ያዳምጥ ጀመር። ከቅርብና ከሩቅ ነጐድጓድ ከሚመጣው ጩኸት ሌላ፥ ምንጩ ያልታወቀ ሽሽ የሚል ቀጭን ድምፅ አገኘ። ይህ ድምፅ የሚበረታበት ሰዓት በየቀኑ አራት ደቂቃ ያህል ይቀድማል፤ ማለትም የሚመላለሰው በ24 ሰዓት ሳይሆን በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነበር። ይህም የከዋክብት ቀን እንጂ የፀሐይ ቀን አይደለም። ስለዚህ ምንጩ ከምድርም ከፀሐይም እንዳልሆነና ቀውስ በሚባለው የከዋክብት ምድብ አቅጣጫ፥ ከፍኖተ ሐሊብ እምብርት የሚመጣ መሆኑን በ1933 ለዓለም አስታወቀ። ለኩባንያው ግን ነገሩ በዚሁ አለቀ፤ ሰማይን ዝም ማሰኘት አይቻልምና። ጃንስኪም ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረ።

ከእርሱ ቀጥሎ ነገሩን ያነሣው ግሮት ሪበር ነው። ሪበር በ1937 በኢሊኖይ ግዛት ዊተን በምትባል ከተማ፥ በመኖሪያ ቤት ጓሮ፥ በገዛ ገንዘቡ 9.5 ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሳሕን ቅርጽ አንቴና ሠራ። በ160 ሜጋኸርዝ የፍኖተ ሐሊብን ሞገድ ሲያጠና ያስቸገረው የአውቶሞቢል ካንዴላ ነበር። በመንገድ የሚያልፈው መኪና ሁሉ ካንዴላው በበለጭ ቁጥር መቀበያውን ያስጮኸዋል። ሪበርም መንገዱ ጭር በሚልበት በሌሊት ይሠራ ነበር። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በርናርድ ሎቬል ከጦርነቱ የተረፈ የራዳር መሣሪያ ይዞ በ1945 ወደ ማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ፤ ነገር ግን በዩኒቨርሲቲው አጠገብ የሚመላለሰው የኤሌክትሪክ ትራም አላስቀምጥ አለው። የዩኒቨርሲቲው የዕፀዋት ጥናት ክፍል ከከተማው ወደ ደቡብ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጆድሬል ባንክ በሚባል ቦታ የሙከራ መሬት ነበረውና በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ዕቃውን ጭኖ ወደዚያ ሄደ። በ1957 የተፈጸመው 76 ሜትር ስፋት ያለው ዝነኛ ቴሌስኮፕ ዛሬም የቆመው በዚሁ መሬት ላይ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝ የራዲዮ ሥነ ፈለክ የት እንደሚተከል የወሰነው፥ በከፊልም ቢሆን፥ የማንችስተር ትራም ነው ማለት ይቻላል።

እስከዚህ ድረስ ጥበቃ ማለት መሸሽ ማለት ነበር፤ ወይ ወደ ሌሊት፥ ወይ ወደ ገጠር። ሕግን ለመለመን ምክንያት የሆነው የሃይድሮጅን ሞገድ መገኘት ነው።

በ1944 ሆላንድ በጀርመን ወታደሮች ተይዛ ሳለ፥ በላይደን የነበረው ሊቅ ያን ኦርት ሄንድሪክ ቫን ደ ሁልስት ለተባለ ተማሪ አንድ ጥያቄ አቀረበለት፤ ከሰማይ በሚመጣው የራዲዮ ጩኸት ውስጥ አንድ የታወቀ፥ ቋሚ ፍሪክዌንሲ ያለው ሞገድ ሊገኝ ይችላልን? ተማሪው ሒሳቡን ሠርቶ ሊገኝ ይችላል ሲል መለሰ። የሃይድሮጅን አቶም አንድ ፕሮቶንና አንድ ኤሌክትሮን ብቻ አለው። ኤሌክትሮኑ ከፕሮቶኑ አንጻር የሚሽከረከርበትን አቅጣጫ ሲለውጥ ርዝመቱ 21 ሴንቲ ሜትር የሆነ ደካማ ሞገድ ይወጣል። ይህ ለውጥ በአንዱ አቶም ላይ ለብቻው የሚደርሰው በአማካይ በአሥር ሚሊዮን ዓመት አንድ ጊዜ ያህል ነው። ይሁን እንጂ በከዋክብት መካከል ያለው ሃይድሮጅን እጅግ ብዙ ስለ ሆነ፥ ከመካከሉ አንዱ ወይም ሌላው ሁልጊዜ ሞገድ ይለቃል።

ሞገዱን በመጀመሪያ የሰሙት በአሜሪካ ሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሃሮልድ ኢወንና ኤድዋርድ ፐርሰል ናቸው፤ ቀኑም መጋቢት 25 ቀን 1951 ነበር። አንቴናቸው በውስጡ መዳብ የተለበጠ ከሳንቃ የተሠራ የቀንድ ቅርጽ ያለው ሲሆን፥ ከቤተ ሙከራው መስኮት ወደ ውጭ ተደግኖ ነበር። ሆላንዶችም በኮትዋይክ፥ ጀርመኖች ጥለውት በሄዱት 7.5 ሜትር ስፋት ባለው የራዳር አንቴና፥ በግንቦት ወር ያንኑ ሞገድ አገኙ። እነርሱ ሳይቀድሙ የቀሩበት አንዱ ምክንያት የቀድሞው መቀበያቸው በእሳት በመቃጠሉ ነው። ከዚህ በኋላ አውስትራሊያውያን ሰምተው በፍጥነት አረጋገጡ። ሀርቫርዶች ቀዳሚነታቸውን ለማስከበር አልተጣደፉም፤ የሦስቱም አገሮች ወሬ ኔቸር በተባለው መጽሔት በመስከረም 1951 ባንድነት ወጣ። ቁጥሩም 1420.4 ሜጋኸርዝ መሆኑ ታወቀ። ብርሃንን የሚጋርደው የጠፈር አቧራ ለዚህ ሞገድ መጋረጃ አይሆንበትምና፥ የላይደንና የሲድኒ ሊቃውንት ከሰሜንና ከደቡብ ንፍቀ ክበብ የሰበሰቡትን አገናኝተው በ1958 የፍኖተ ሐሊብን ጠምዛዛ ክንዶች የሚያሳይ ካርታ አወጡ። ሰው የሚኖርበትን የከዋክብት ማኅደር ቅርጽ ከውስጡ ሆኖ ያየው በዚህ መንገድ ነው።

የጥበቃው ክርክር የተመሠረተው በዚሁ ቁጥር ላይ ነው። የራዲዮ ጣቢያ በአንድ ሞገድ ላይ ረብሻ ቢያገኘው ሌላ ሞገድ ይሰጠዋል፤ አድማጩም መርፌውን ወደ አዲሱ ቁጥር ያዞራል። ሃይድሮጅንን ግን ወደ ሌላ ቁጥር ተዛወር የሚል አዋጅ ማውጣት አይቻልም። ቁጥሩን የወሰነው ፍጥረት ነውና መሸሽ ያለበት ሰው ነው።

ሁለተኛውም ምክንያት የሞገዱ ድካም ነው። ሊቃውንቱ ከሰማይ የሚደርሰውን ኃይል የሚለኩበት መስፈሪያ ለጃንስኪ መታሰቢያ ጃንስኪ ይባላል፤ ይኸውም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በአንድ ኸርዝ ስፋት የሚያርፍ ከአንድ ዋት የመቶ ትሪሊዮን ትሪሊዮን ጊዜ... በፊደል ከመዘርዘር ይልቅ ከነጥብ በኋላ ሃያ አምስት ዜሮ ተጽፎ ከዚያ አንድ የሚከተልበት ዋት ነው ብል ይቀላል። በዚህ መስፈሪያ ሲሰላ፥ አንድ ተራ የእጅ ስልክ ጨረቃ ላይ ተቀምጦ ቢደወልበት፥ ከምድር ሲታይ በራዲዮ ሰማይ ላይ ካሉት እጅግ ብርቱ ምንጮች እንደ አንዱ ሆኖ በተገኘ ነበር። እንግዲህ ስልኩ በጨረቃ ላይ ሳይሆን ከቴሌስኮፑ ማዶ ካለው ኮረብታ ላይ ሲሆን የሚያደርሰውን ጥፋት መገመት አያዳግትም።

ሕጉ ግን ለእንዲህ ያለ ባለጉዳይ የተዘጋጀ አልነበረም። የራዲዮ ስምምነት በ1906 በበርሊን ሲጀመር አሳቡ መርከቦች ከየብስ ጋር እንዲነጋገሩ ነበር። ከዚያም ወዲህ በየጊዜው የተደረጉት ጉባኤዎች ሞገድን ያከፋፈሉት ለላኪዎች ነው። በ1947 በአትላንቲክ ሲቲ የተደረገው ጉባኤ እስከ 10,500 ሜጋኸርዝ ድረስ ያለውን ሁሉ ሲደለድል የራዲዮ ሥነ ፈለክን ስም አላነሣም። አገልግሎት ማለት አንዱ የሚልከው፥ ሌላው የሚቀበለው መልእክት ነው፤ ከዋክብት ደግሞ ፈቃድ ጠይቀው የሚልኩ፥ ግብር የሚከፍሉ ጣቢያዎች አይደሉም። በዚህ ዓይነት ጉባኤ ላይ ሞገድ የሚያገኘው ሞገድ የሚሰጥ ነው፤ አንዱ መንግሥት ይህን ልቀቅልኝና ያንን ልልቀቅልህ ይላል። ሥነ ፈለክ የሚለቀው ነገር የለውም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እንደሚባለው፥ ምንም የማይልክ አድማጭ ከድልድሉ ውጭ ሆኖ መቅረቱ የሚጠበቅ ነበር።

ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ 1959 በጄኔቫ የተቀመጠው የራዲዮ ጉባኤ ይህን ለወጠ። ጉባኤው የራዲዮ ሥነ ፈለክ ማለት ከጠፈር የሚመጣውን የራዲዮ ሞገድ በመቀበል ላይ የተመሠረተ ሥነ ፈለክ መሆኑን በደንቡ ውስጥ ጻፈ። ላኪ የሌለው አገልግሎት እንዲህ ሆኖ በሕግ ታወቀ። ነገሩ ለሕግ ተማሪዎች ትኩረት የሚገባው ይመስለኛል፤ ዛሬም በደንቡ ውስጥ ያለው ቃል፥ የረብሻ ክርክር በተነሣ ጊዜ የራዲዮ ሥነ ፈለክ እንደ መገናኛ አገልግሎት ይቈጠራል ይላል እንጂ መገናኛ ነው አይልም። ሊቃውንቱ የጠየቁት ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ፍሪክዌንሲ፥ እያንዳንዱ ከበፊቱ እጥፍ ያህል እየራቀ የተደረደረ የክልሎች ሰንሰለት ነበር። ከጠየቁት ውስጥ ደኅና ሆኖ የተሰጣቸው የሃይድሮጅኑ ነው፤ ከ1400 እስከ 1427 ያለው እኛ በምንገኝበት በአንደኛው ክፍልም ሆነ በሌሎቹ ሁለት የዓለም ክፍሎች ተመደበላቸው። ሌሎቹ ወይ ጠባብ ናቸው፥ ወይም ከሌላ ተጠቃሚ ጋር በጋራ የተሰጡ ናቸው። ደንቡም በግንቦት 1961 በሥራ ላይ ዋለ። ኋላ ደግሞ ምድርን ከላይ ሆነው የሚለኩ፥ እነርሱም ምንም የማይልኩ ሳተላይቶች በዚሁ ክልል ተጨመሩ።

ሊቃውንቱ ከዚህ ጉባኤ አንድ ነገር ተማሩ፤ ለሚቀጥለው ጉባኤ ዘብ ያስፈልጋል። በ1960 የዓለም ሥነ ፈለክ ማኅበር፥ የዓለም የራዲዮ ሳይንስ ማኅበርና የጠፈር ምርምር ኮሚቴ ባንድነት ሆነው አይዩካፍ በሚል አሕጽሮተ ስም የሚጠራውን ኮሚቴ አቋቋሙ። የኮሚቴው ሥራ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ እየሄዱ ስለ ዝምታ መናገር ነው።

ከሕጉ ጎን ለጎን ሌላ መንገድ ቀድሞ ተጀምሮ ነበር፤ ይኸውም ሞገድን ሳይሆን ቦታን መከለል ነው። አሜሪካኖች ብሔራዊውን የራዲዮ ሥነ ፈለክ ማዕከል በዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች መካከል ግሪን ባንክ በሚባል ሸለቆ ሲመሠርቱ፥ የግዛቱ ምክር ቤት በ1956 በቴሌስኮፑ ዙሪያ ረብሻ የሚፈጥር የኤሌክትሪክ ዕቃን የሚገድብ ሕግ አወጣ። በኅዳር 1958 ደግሞ የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን 34 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን አገር የራዲዮ ጸጥታ ክልል ነው ሲል ደነገገ። በዚህ ክልል ውስጥ አዲስ ቋሚ ማሰራጫ ለመትከል የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ከማዕከሉ ጋር መስማማት አለበት። በቴሌስኮፑ አቅራቢያ የሚነዱት የማዕከሉ መኪናዎች በናፍጣ የሚሠሩ ናቸው፤ የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውምና። ሪበር በ1937 ያስቸገረው ብልጭታ እዚህ መድኃኒት ተገኘለት።

ጥበቃው ከገንዘብ ጋር በተጋጨ ጊዜ ምን እንደሚመስል ለማየት የአሜሪካውን የቴሌቪዥን ቻናል 37 ማንሣት ይበቃል። ከ608 እስከ 614 ሜጋኸርዝ ያለው ይህ ቻናል የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በዳንቪል አቅራቢያ የሠራው ቴሌስኮፕ የሚያዳምጥበት ነበር፤ ቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ይፈልጉታል። ኮሚሽኑ በ1963 ቻናሉ ለአሥር ዓመት ያለ ጣቢያ እንዲቆይ ወሰነ። አሥሩ ዓመት ካለፈም በኋላ ጣቢያ ሳይተከልበት ቀረ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ለምን ሙሉ ዝምታ እንደሚያስፈልግ ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የፐልሳር መገኘት ይመስለኛል። በ1967 በካምብሪጅ ተማሪ የነበረችው ጆስሊን ቤል በ81.5 ሜጋኸርዝ በሚሠራ አንቴና ከሚመዘገበው ረጅም ወረቀት ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር የማትሞላ የተዝረከረከች ምልክት አየች። ምልክቷ የሰው ረብሻ ትመስላለች፤ ግን ሙሉ በሙሉ አትመስልም። ቤል አልናቀቻትም፤ ምልክቷ በከዋክብት ቀን አቆጣጠር እየተመለሰች መምጣቷንም አስተዋለች፤ ያው የጃንስኪ ፈተና ማለት ነው። በ1.337 ሴኮንድ አንድ ጊዜ የሚመታው ይህ ምንጭ እየተሽከረከረ የሚኖር የኒውትሮን ኮከብ ሆኖ ተገኘ። በዙሪያዋ ያለው የሰው ጩኸት ጥቂት በርትቶ ቢሆን ኖሮ ምልክቷ ከእርሱ ጋር ተደባልቃ በቀረች ነበር።

የዚህም ተቃራኒ ደርሷል። በአውስትራሊያ በፓርክስ ቴሌስኮፕ ከ1998 ጀምሮ ፔሪቶን የተባሉ ግራ የሚያጋቡ አጫጭር ምልክቶች ተመዝግበው ነበር፤ ሩቅ ከሆነ ጋላክሲ የሚመጡትን ምልክቶች ይመስላሉ። በ2015 ምንጫቸው ተገኘ፤ የማዕከሉ ሠራተኞች ምግብ የሚያሞቁበት የማይክሮዌቭ ምድጃ ነበር። ሰዓቱ ሳይሞላ በሩ ሲከፈት ምድጃው ከመጥፋቱ በፊት በ1400 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሞገድ ያመልጠዋል። እንግዲህ ወሰን ጥሶ የገባው የውጭ አገር ራዳር ሳይሆን የምሳ ሰዓት ነው።

የጎረቤት ነገር ከዚህ ይከብዳል። የሶቪየት ኅብረት ግሎናስ የተባሉትን የአቅጣጫ መሪ ሳተላይቶች ማምጠቅ የጀመረችው በ1982 ነው። ከ1610.6 እስከ 1613.8 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ሊቃውንቱ ያረጁ ከዋክብት ከሚተፉት ደመና የሚመጣውን፥ ከአንድ ኦክሲጅንና ከአንድ ሃይድሮጅን የተሠራውን የሃይድሮክሲል ሞገድ ያዳምጡ ነበር። ሳተላይቶቹ በየራሳቸው ፍሪክዌንሲ ሲልኩ ከፊሎቹ በዚሁ ላይ ወደቁ። ቴሌስኮፕን ወደ ተራራ መካከል መደበቅ ለዚህ አይጠቅምም፤ ሳተላይት ከራስ በላይ ነውና። ብዙ ዓመት የፈጀው ንግግር በ1993 በአይዩካፍና በግሎናስ አስተዳደር መካከል በተደረገ ስምምነት አለቀ፤ ሩሲያ ሳተላይቶቹን ደረጃ በደረጃ ወደ ዝቅተኛው ፍሪክዌንሲ ልታወርድና በአዲሶቹ ላይ ማጣሪያ ልትገጥም ተስማማች። በዓለም የራዲዮ ታሪክ ውስጥ አድማጭ ላኪውን ያስነሣበት ሌላ እንዲህ ያለ ምሳሌ ብዙ አይገኝም። ነገር ግን ከ1998 ጀምሮ ኢሪዲየም የተባለው የሳተላይት ስልክ በአጠገቡ ባለው ክልል ሥራ ሲጀምር ያው ክርክር እንደገና ተነሣ።

የሃይድሮጅኑ ክልል ራሱስ? በ2009 አውሮፓውያን የምድርን አፈር እርጥበትና የባሕርን ጨዋማነት የሚለካ ስሞስ የተባለ ሳተላይት አመጠቁ፤ የሚያዳምጠውም በዚሁ ማናቸውም ሥርጭት በተከለከለበት ክልል ነው። ሥራ እንደ ጀመረ በአውሮፓ፥ በመካከለኛው ምሥራቅና በእስያ ላይ ብዙ መቶ የረብሻ ምንጮችን አየ። ከፊሎቹ ኃይላቸው ወደ ጎረቤት የሚፈስ ራዳሮች ናቸው፤ ከፊሎቹም በክልሉ ውስጥ በቀጥታ የሚሠሩ ሕገ ወጥ ማሰራጫዎች ነበሩ። ለየአገሩ መንግሥት እየተጻፈ ብዙዎቹ ተዘጉ። ከጄኔቫው ውሳኔ ሃምሳ ዓመት በኋላ ክልሉ ምን ያህል ዝም እንዳለ በምድር ሁሉ ላይ የለካው መሣሪያ ይህ ነው፤ ያገኘውም ዝምታ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የሰው ጥፋት ያልሆነው ነው። ጋላክሲዎች ከእኛ ስለሚርቁ ሞገዳቸው እየተዘረጋ ይመጣል፤ ፍሪክዌንሲውም ዝቅ ይላል። ክልሉ ከ1420.4 ወደ ታች እስከ 1400 የተዘረጋው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ይህም በሴኮንድ 4,300 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚርቁ ጋላክሲዎች ይበቃል። ለ1959 ዓመት ይህ ብዙ ነበር፤ ዛሬ ግን የቅርብ ሰፈር ነው። አምስት ቢሊዮን ዓመት ያህል ተጉዞ የሚደርሰን የሃይድሮጅን ሞገድ በ947 ሜጋኸርዝ ይደርሳል፤ ይህ ቁጥር የእጅ ስልክ ማማዎች ከሚያሰራጩባቸው አንዱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ከዋክብት በበሩበት ዘመን የወጣውማ ወደ 100 ሜጋኸርዝ ገደማ ወርዶ ከኤፍ ኤም ጣቢያዎች መካከል ይገባል። ደንቡ ከ1330 እስከ 1400 ላለው ክልል መንግሥታት የተቻላቸውን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ ያሳስባል፤ ከዚያ በታች ግን ማንም ኩባንያ ለሩቅ ሃይድሮጅን ብሎ ስልኩን አይዘጋም። የ1951 ሞገድ በሕግ ተጠበቀ፤ የዛሬው ጥናት የሚፈልገው ሞገድ ግን በአመዛኙ ከአጥሩ ውጭ ነው።

ስለዚህ ሊቃውንቱ እንደ ሎቬል ወደ ገጠር ተመለሱ፤ አሁን ግን ሕግ ይዘው ነው። ደቡብ አፍሪካ በ2007 ለሥነ ፈለክ የሚመቹ ቦታዎችን የሚጠብቅ አዋጅ አውጥታ በካሩ በረሐ ላይ በ2018 የተመረቀውን ሚርካት የተባለ ስድሳ አራት ሳሕን ያለው ቴሌስኮፕ ተከለች። ቻይና በጉይጆ ግዛት በ2016 የፈጸመችው አምስት መቶ ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ በሠላሳ ኪሎ ሜትር ዙሪያ የጸጥታ ክልል አለው። በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ዝምታ ዋጋ አለው፤ የሚከፍለውም የከተማ ሰው አይደለም። ለቻይናው ቴሌስኮፕ በሺህ የሚቈጠሩ ገበሬዎች ከመንደራቸው ተነሥተዋል፤ በካሩ በግ አርቢዎች ስልክ እንደ ልብ ባለማግኘታቸው አቤት ብለዋል፤ በግሪን ባንክም ነዋሪው ሌላው አገር ያገኘውን የእጅ ስልክ ሳያገኝ ብዙ ዓመት ኖሯል። ሳይንሱ ትልቅ ነው፤ ቢሆንም የጥበቃ ታሪክ ሲጻፍ የሊቃውንቱ ድካም ብቻ ተመዝግቦ የእነዚህ ሰዎች ድርሻ መረሳቱ ተገቢ አይመስለኝም።

ቦታን መከለልም ቢሆን መጠጊያነቱ የሚሠራው ረብሻው ከጎን እስከ መጣ ድረስ ብቻ ነው። ከ2019 ጀምሮ ስታርሊንክ የተባሉት የኢንተርኔት ሳተላይቶች በሺህ እየተቈጠሩ ወጥተዋል። ሆላንድ ውስጥ ማዕከሉ ያለው ሎፋር የተባለ ቴሌስኮፕ በዝቅተኛ ፍሪክዌንሲ ስድሳ ስምንቱን ተመልክቶ በ2023 ውጤቱ ታተመ፤ አርባ ሰባቱ ከ110 እስከ 188 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ሞገድ ሲያፈሱ ተገኙ። ይህ ከሚያሰራጩት ኢንተርኔት የሚመጣ አይደለም፤ የሚያሰራጩት በአሥር ሺህ ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ ነውና። የሚፈሰው በውስጣቸው ካለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው፤ ሳተላይቱ ራሱ እንደ ሪበር ዘመን አውቶሞቢል ሆኗል ማለት ነው። በ2024 በታተመው ሁለተኛ ጥናት ደግሞ የአዲሱ ትውልድ ሳተላይቶች ፍሳሽ ከፊተኞቹ እስከ ሠላሳ ሁለት ጊዜ የበረታ ሆኖ ተገኘ። የራዲዮ ደንብ የሚቈጣጠረው የታሰበ ሥርጭትን ነው፤ ሳይታሰብ ከሳተላይት ገላ ስለሚፈስ ሞገድ የሚለው ጥቂት ነው። የደቡብ አፍሪካ አዋጅም ሆነ የዌስት ቨርጂኒያ ሕግ በላዩ የሚያልፈውን ሳተላይት አይዝም።

በ2023 መጨረሻ በዱባይ የተሰበሰበው የዓለም ራዲዮ ጉባኤ ይህን ጉዳይ ለ2027ቱ ጉባኤ አጀንዳ አድርጎ አስተላለፈው። እንዲጠና የታዘዘውም፥ በተለዩ የጸጥታ ክልሎች ውስጥ ያሉ ቴሌስኮፖችንና በዓለም ሁሉ ለራዲዮ ሥነ ፈለክ በቀዳሚነት የተመደቡትን ሞገዶች፥ ከእነዚህ ሳተላይቶች ድምር ረብሻ ለመጠበቅ ምን ዓይነት የቴክኒክና የሕግ ድንጋጌ እንደሚያስፈልግ ነው። በ1959 ሕግ የታወቀው ለሞገድ ክልል ነበር፤ አሁን የተጠየቀው ለቴሌስኮፑ ቦታና በላዩ ላለው ሰማይ ጭምር ነው።